በደረቅ አሸዋ የተገኘችው ቅጠል

ነገሩ የሠላሳ ብር ነበር። በባቡር የመጣ አንድ ፈረንጅ ከዚራ በሚባለው የከተማው ሰፈር አርፎ፣ በምንጭ ዳር የምትበቅል ነጭ አበባ ያላት ትንሽ ቅጠል የት የት እንደምትገኝ ያጠና ነበር። ለማሳየው ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ብር ሊከፍለኝ ተስማማን። እኔ የማውቀው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቢዮ አዋሌ መንደር አጠገብ ያለውን ምንጭ። ስለዚህ ከዚያ ከነጭቃዋ እየነቀልኩ በአምስት ደረቅ ወንዞች አሸዋ ላይ ተከልኳት፤ ውሃም አጠጣኋት። ሰውየው ስድስቱንም ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አድርጎ፣ እጄን ጨብጦ ከፈለኝ።

ቅጠሏ ገና ሳትጠወልግ በዚያ ሳልፍ፣ ፍየል የሚሸጥልኝ አርብቶ አደር ኦቦ ዩሱፍ ከተከልኩባቸው ቦታዎች በአንዱ እስከ ወገቡ ቆፍሮ አገኘሁት። ፍየሎቹ በጥም አፋቸውን ከፍተው ከበውታል።

«ኦቦ ዩሱፍ፣ ተው፤ እዚህ ውሃ የለም» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አንተ የሱቅ ሰው! ይህቺ ቅጠል ካለች ውሃው ከሥሯ ነው። አባቴም እሷን አይቶ ነው የሚቆፍረው። እሷን ትቼ አንተን ልመን?»

«የተከልኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

አካፋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጉድጓዱን አየ፤ እኔን አየ። «አቦ፣ እሷንም አስዋሸሃት?» አለኝ። እሱ ወጥቶ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ብገባ በወደድኩ።

ሁለት ፍየል በጥም ሞተበት። ሠላሳውን ብር ለካሳ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። በገንዘቡ አላተረፍኩም፣ አልከሰርኩም። ዩሱፍ ግን ከዚያ ወዲህ ቅጠሏን ሲያገኝ፣ ከመቆፈሩ በፊት ሰው የተከላት እንዳትሆን ሥሯን ነቅሎ ያያል።