ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል

በ1930 ዓ.ም. በጋ፣ በጣልያን ጊዜ ነው። የኮልፌው ካህናችን ከተሰደዱ ወዲህ ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን የሚነግረን አጥተን ነበር። የካቲት ሃያ፣ እሑድ፣ እንቁላል ገዝቼ በካሚዮን ስመለስ አንድ ሽማግሌና አንድ የጣልያን ቢሮ ጸሐፊ አጠገቤ ያወራሉ።

«አባቴ፣ ጾሙ ገና ሳምንት ይቀረዋል ይባላል።»

«ማን ቆጥሮ? ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ዓመት ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ከዚያች አንድ ተነሥተህ ስታሰላ ጾሙ ነገ ይገባል።»

«ቁጥሩ በዛብኝ። እኛ ቢሮ ዘመኑ አሥራ ስድስት ነው። ጣልያኖቹ አገራቸው ላይ ከቆመው ከፋሺስት መንግሥታቸው ጀምረው ነው የሚቆጥሩት።»

«እስቲ እሱን ለአሥራ ዘጠኝ አካፍልልኝ።»

«አይደርስም።»

«ሦስት ዓመት ይጠብቁና ይደርስላቸዋል፤ እስከዚያ ካሉ።»

«ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ሹፌሩ ጣልያን ነው።»

«ሒሳብ ነው የነገርኩህ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ለነገ በግ ገዝቻለሁ።»

«በጉ እስከ ፋሲካ ይመርቅሃል።»

በማግስቱ ጠዋት ተመስገን ብዬ እንቁላሎቹን ለጎረቤቴ ዶሮ አስታቀፍኩና ጾሜን ያዝኩ።