ጀርባውን ለሽማግሌ የሰጠው ሞንታርቦ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ድምፅ አይከራይም ነበር። ሽማግሌ ተነሥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዳሱ ጸጥ ይላል፣ ያልሰማ ካለ ጠጋ ይላል፣ አለቀ። ታዲያ የልጄ የትዕግሥት ሠርግ ሲደርስ "አባዬ፣ ያለ ሞንታርቦማ አይሆንም" አለችኝና እነዚያን ትልልቅ የድምፅ ሳጥኖች ተከራየን። እዚሁ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ዳሱ የተጣለው።

እና ታውቃላችሁ፣ የሙሽራው ወገን ፕሮቴስታንት፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ነው እሺ የተባባልነው! ከሁለቱም ወገን ሰበብ ፈልጎ የተቀመጠ ሞልቷል። ከእኛ ወገን ታላቅ እኅቴ እትዬ በላይነሽ አለች፣ ለመኮሳተር ብላ ከጎጃም ድረስ የመጣች። ስለዚህ ምርቃቴ ያለ እንከን እንዲወጣ ፈልጌ ነበር። ለልጄ ሌላ የምሰጣትም አልነበረኝ።

ታዲያ ባለሞንታርቦው ቶለሳ ሁለቱን ሳጥን እኛ ሽማግሎች ፊት አቁሞ አፋቸውን ወደ እንግዳው አዞረው። ለእኛ የቀረን ጀርባቸው ነዋ! የሙሽራው አባት ኦቦ ገለታ አዩና፣

"ማሎ፣ እባካችሁ! ይሄ ነገር ለሽማግሌ ጀርባውን ይሰጣል እንዴ?" አሉ።

እኔም ደነገጥኩ። ቅር ካላቸው ነገር መጣ ማለት ነው። "ቶለሳ፣ አዙረው!" አልኩት።

"አባባ፣ ይጮኻል።"

"እንዲጮህ አይደል የተከራየነው?"

ምን ያድርግ፣ ወዲያኛው ጫፍ ወጥ ቤቱ መጋረጃ ጋ ወስዶ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሰው። ጨዋ ሆኑ።

እና ተነሣሁ፣ ያንን ገመድ የሌለውን ማይክ ያዝኩ፣ "ልጆቼ፣ ውለዱ" ስል ዊዊዊዊይ! እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ዝም ስል ዝም ይላል። "ክበዱ" ስል ዊዊዊዊይ! እትዬ በላይነሽ ታዲያ ማይክም አያስፈልጋት፣ "አላልኩም? ምርቃቱ አልያዘም!" አለች። ከወዲያም ወገን ማጉረምረም ተጀመረ። ትዕግሥትን ባያት አንገቷን ደፍታለች። እኔ ላብ በላብ!

ቶለሳ ሮጦ መጣና "አባባ፣ እርግማን አይደለም። ድምፅዎ ከሳጥኑ ይወጣል፣ ማይኩ ፊት ለፊቱ ስለሆነ መልሶ ይውጠዋል፣ ሳጥኑ እንደገና ይተፋዋል፣ እንዲህ እየዞረ ነው የሚጮኸው። ማይኩ ከሳጥኑ ጀርባ ይሁን። ሳጥኑን ልመልሰው?" አለኝ።

እኔ ኦቦ ገለታን አየሁ። ኦቦ ገለታ ሳጥኑን አዩ።

"ኧረ ሳጥኑ ገና አሁን ጨዋ ሆነ፣ አትንካው። ሰውዬው ይሂድ" አሉ።

ሰውዬው እኔ ነኛ!

እና ለሳጥኑ ክብር ሲባል የሙሽራዋ አባት ከመጋረጃው ኋላ ወጥ ቤት ገባሁላችሁ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እኔ በአዲሱ ሱፌ ድስት መሐል ቆሜ እመርቃለሁ። "ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ!" ጥርት ብሎ ወጣ። ዳሱ "አሜን!" ሲል እሰማለሁ፣ ማንንም ግን አላይም። አንድ ልጄን ስድር መጋረጃ እያየሁ! እስቲ ፍረዱ! ምርቃቱን አቋርጬ በሱፌ እጅጌ ዓይኔን ጠረግሁ።

ይሄኔ መጋረጃው ተገለጠ፣ ትዕግሥት በቬሎዋ ገብታ ጉልበቴ ላይ ተደፋች።

"አባዬ፣ እያለቀስክ ነው?"

"እኔ? ሽንኩርቱ ነው።"

"ሽንኩርቱማ ድስት ገብቷል።"

"ቤቱ ባዶ ሊሆንብኝ ነው፣ ልጄ። ከእንግዲህ ማን ነው ቁርስህን በላህ ወይ የሚለኝ?"

ማይኩ ለካ እንደተከፈተ ነው! እነዚያ ሁለት ጨዋ ሳጥኖች ይህን ሁሉ ለሽማግሎቹ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ልጄን ይዤ ስመለስ ዳሱ ጭጭ ብሏል፣ እትዬ በላይነሽ እንኳ ጭጭ። ኦቦ ገለታ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"ኦቦ፣ ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"ምን እባክህ" አሉኝ፣ "ሽንኩርታችሁ እዚህም ይሰማል።"