በሩን የጠረበው ማን ነው?

በደርግ ጊዜ ነው ልጆቼ። አንድ ወጣት ደብተር ይዞ የካ ቤቴ መጣና ስሜን ከጻፈ በኋላ "እማማ፣ ቤቱ ስንት ክፍል ነው?" አለኝ። ትርፍ ቤት ሊወርስ የመጣ መስሎኝ ክው አልኩ። "አንድ ናት፤ ጓሮ ያለችው የበግ ናት" አልኩት። "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ አሮጌ ቤቶች ሳይፈርሱ ታሪካቸውን እመዘግባለሁ" ቢለኝ፣ መመዝገብ ሲል ይባስ ፈራሁ። "ምኑ ነው አሮጌ? አምና ነው የተሠራ" ብዬ ድርቅ አልኩ፤ እሱ በዕድሜ የጠቆረውን በር እያየ።

ሳቀ። ዓይኔን ከደብተሩ አልነቅል ስል ግን ስሜ ያለበትን ገጽ ቀዶ ሰጠኝ። "ስምዎ ይቅር፤ ይህን የመሰለ በር የጠረበው ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ" አለ። አባቴ ነው፤ ጥዱን ከእንጦጦ በትከሻው አውርዶ። ስለ እሱ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። "የእሱን ስም ጻፍ ልጄ" አልኩት፤ "ሞቷል፤ ከእንግዲህ ምኑን ይወርሱታል?"