መዝጋት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?

«ሙቀቱ ዘንድሮ ቸኮለ አይደል፣ ዮዲዬ? ገና ሚያዝያ ሳይወጣ! የኛ ማዳም እንደሆነች ኤሲውን እስከ ጥግ ትለቀዋለች፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ትደርባለች... በገዛ እጇ ክረምት ታመጣለች።»

እትዬ ማሚቴ ለዮዲት ይህን ያሉት ኩዌት ውስጥ የመዝሙር ማኅበራቸው በተከራየው ፍላት፣ ሶፋ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን እያሹ ነው። ፀጉራቸው የሸበተው ደስማ ሰፈር ባለ የሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ነው። ሩፋኤል አጠገባቸው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ሥራው ጀህራ ከተማ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ዓርብ ዓርብ ግን የማኅበሩ መዝሙሮች የሚጻፉበትን፣ ራሱ የሠራውን ፕሮግራም ሊያይ ይመጣል። ባለፈው ዓርብ የምሥራች የምትባለው ልጅ የዕረፍት ቀኗን ሙሉ ስትጽፍ ውላ፣ የመዝጊያዋን ምልክት ሳታስበው ብትነካት ሁሉም ድርግም ብሎ ጠፋባት። እያለቀሰች ወደ ማዳሟ ቤት ተመለሰች። ሩፋኤል አዘነላት። ስለዚህ ዛሬ ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት እንዲጠይቅ አደረገው። «ሴቭ ያላደረጉት ጽሑፍ አለ። መዝጋት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሴቶቹ አጨበጨቡለት። እትዬ ማሚቴም አጨበጨቡ፤ ከሁሉም ረዘም አድርገው።

«አየሽልኝ፣ ዮዲዬ? እንዴት ያለ ጨዋ ዕቃ ነው! ሳይጠይቅ አይዘጋም እኮ። ‹እርግጠኛ ነዎት?› ይላል... በአንቱታ! እንዲህ ያለውን ጠባይ ከማን ወረሰው? መቼም ከሠራው ሰው ነው... ከሌላ ከየት ይመጣል?»

ሩፋኤል ጆሮው ጋለ። ዞር አላለም።

«ሚሽሪፍ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ቀለበት ስታስር በእናቷ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን ለማዳሟ እንግዶች ሻይ ይዛ ስትገባ ስልኳ ጢው አለ... ‹አልሆነልኝም፣ ይቅናሽ።› በቃ! መልሳ ብትደውል ብሎክ ተደርጋለች። ምን ታድርግ? ሻዩን ቀዳች፣ ፈገግ አለች... ጠብታ አላፈሰሰችም። ያኔ ይሄ ዕቃ የለማ! ቢኖር ይጠይቅላት ነበር። ‹እዚህ ውስጥ የሰው ልጅ ዕድሜ አለ፣ እርግጠኛ ነዎት?› ይል ነበር። በሰውየው አልፈርድም እኔ... የት ይወቀው? ማስጠንቀቂያ አልወጣለትማ!»

ዮዲት የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። ሩፋኤል ስለ ሻዩ አያውቅም ነበር። እጮኛው የነበረችው ስምረት መልእክቱን ክፍሏ ውስጥ፣ ብቻዋን ሆና ያነበበችው ይመስለው ነበር። ሊደውልላት ስልኩን ደጋግሞ አንስቶ ነበር፤ ድምፅዋን ፈርቶ ነው የጻፈላት። እናቱ አገር ቤት ሌላ ልጅ አይተውለታል፤ ማክሰኞ ሊያገባት ይበራል። ይህን እዚህ ማንም የሚያውቅ አልመሰለውም። ቢቆጡት መልስ አያጣም ነበር፤ የሚያመሰግኑትን ሰው ግን ምን ይበላቸው?

«ርኅራኄውንስ አየሽው?» ቀጠሉ እትዬ ማሚቴ። «ለአንዲት መዝሙር እንዲህ የተጨነቀ ሰው... ለሰውማ ስንት ሌሊት ሳይተኛ ያድር ይሆን?»

ሩፋኤል ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ሊሄድ ፕሮግራሙን ሲዘጋ፣ ለሙከራ የጻፋት መስመር ሴቭ ስላልሆነች ጥያቄው ተደቀነበት። እርግጠኛ ነዎት? ሴቶቹ ሁሉ ስክሪኑን ያያሉ። እጁ ማውዙ ላይ ቆየ። ከዚያ «አዎ» የሚለውን ተጫነና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተነሣ።

እትዬ ማሚቴም ባዶ እግራቸውን ተነሡ። ዓይናቸው ዮዲት ላይ ነው።

«ተነሺ እንጂ፣ ዮዲዬ! ማክሰኞ የሚበር መንገደኛ ሳይመረቅ ይሄዳል እንዴ? ምርቃቱ ደግሞ የኔ እንዳይመስልሽ... ያቺ ልጅ ናት። በስልክ እንዳትልለት ስልኩ አልቀበል ብሏት፣ ‹እትዬ፣ አደራ፣ አድርሱልኝ› ብላኛለች። እንግዲህ እንዳለችው... መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። በሄደበት በር ይከፈትለት። የሚያገባትም ልጅ እንደሱ ጨዋ ትሁንለት... እሱ ሲደውል ግን፣ የኔ ጌታ፣ ስልኳ ይጥራለት።»