በዓይናቸው የቀረችው ፍንጣሪ

«ደም ካልፈሰሰህ ወደ ሥራህ ተመለስ» ይሉ ነበር ብረት ቀጥቃጭ የነበሩት አባታቸው። ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችንም ከእኚህ አባት ተወልደው፣ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ትምህርቱን ብዙም ሳይገፉበት፣ ገና በጉርምስናቸው በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው መዶሻ አነሡ።

መሮ ከእጃቸው ስለማይለይ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ መሮ» አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በጋራዡ በማንም ዓይን የብረት ብናኝ ሲገባ የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ፤ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ፣ በማግኔት ጫፍ ለቀም ያደርጉና «በል ሂድ፣ አታልቅስብኝ» ይሉታል።

ትዳር ይዘው ሦስት ልጆች ካፈሩ በኋላ፣ አንድ ቀን የዛገ ብሎን በመሮ ሲመቱ ከመሮው አናት አንዳች ነገር ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን ጠቅ አደረጋቸው። ደም የለ፤ ሕመሙም ወዲያው በረደ። በመስታወት እያዩ ማግኔቱን ቢያስጠጉት ምንም ስላልያዘ፣ ወጥቷል ብለው መዶሻቸውን አነሡ።

ከዓመታት በኋላ የዚያ ዓይናቸው መልክ ወደ ቀይ ዳማ ሲለወጥ፣ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ፣ አንዱ ዓይንዎ ዝጓል፤ ዘይት ጠብ እናድርግበት?» እያሉ ሲቀልዱ አብረው ይሥቁ ነበር። ሲመሽ ግን መቃን እየገጩ መግባት ጀመሩ፤ ባለቤታቸው አምፖሉን ቢለውጡም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ራጅ ሲነሡ፣ ሰሊጥ የማታክል ብረት ከዓይናቸው ውስጥ ተቀምጣ፣ ዝገቷ ብርሃኑን በልቶ ጨርሶት ተገኘ። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ዓይን ርቀት አልለይ ብሏቸው መዶሻው ጣታቸውን ያገኝ ጀመር፤ ሥራውንም ተዉት። ቤት መዋል ግን አልሆነላቸውምና በጋራዡ በር በርጩማ ላይ እየተቀመጡ፣ ዓይኑን እያሸ የሚያልፈውን ሁሉ «ማግኔት አትመን፣ ራጅ ተነሣ» ይሉት ነበር። አብዛኛው «እሺ አባባ» ብሎ ያልፋል፤ እርሳቸውም ደክሟቸው ይገቡ ነበር።

በኋላም ኩላሊታቸው ታሞ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰው፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ጌታ ሆይ፣ የደከመውን ባሪያህን አሳርፈው፤ ጨለማ በማያውቀው ብርሃንህ ተቀበለው፤ ለቀረነውም ጉልበት ስጠን።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ግን አይሆንልኝም። ሊያርፉ ሰሞን፣ ማናችንም የማናውቀው ጎልማሳ ወደ አልጋቸው ቀርቦ፣ እጃቸውን ይዞ እንዲህ አላቸው፦ «አባት፣ አያውቁኝም። በጋራዡ በር ሳልፍ ተቆጥተው ለራጅ የላኩኝ ነኝ። ብረቷን በጊዜ አወጡልኝ። ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ደህና አድርጌ አያለሁ።»