ኮት ላይ የቀረ ፀጉር

ከቦንጋ ወደ ደካ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት መሀላችን የተቀመጡትን ሰውዬ አነጋገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ኮትዎ ነጭ ፀጉር በፀጉር ሆኗል። ላራግፍልዎት?»

«ተይው፣ የድመቴ ነው።»

«የድመት ፀጉር እንዲህ ይረዝማል?»

«የሷ ይረዝማል። በየቀኑ ካልተበጠረ ሆዷ ስር ይቋጠራል። በዚህ በቦንጋ ዝናብማ ይብሳል።»

«ዛሬ ታዲያ እርስዎ እዚህ ሆነው ማን ያበጥራታል?»

«በሥራ ወደ ደካ ተዛወርኩ፤ አዲሱ አከራዬ ድመት አይሆንም አለ። እሷንም ማበጠሪያዋንም ለጎረቤቴ ሰጥቼ መጣሁ።»

«እንግዲያው ጎረቤትዎ ያበጥሯታላ።»

«ከእኔ በቀር ማንም ሲያበጥራት አትተኛም።»

ሴትዮዋ፣ «ኮቱን ደካ ሲደርሱ ያጥቡታል» አለች።

«አላጥበውም።»

እኔም ከኮታቸው እጅጌዬ ላይ ያረፈውን አንድ ነጭ ፀጉር ሳላራግፍ ወረድኩ።