የእህቴ ጥርስ እና ያጠፋሁት መብራት

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በተለየ ወረቀት ተይዟል። መጠሪያው «አንበጣ» (በሌላ ስም ቢጠሩት ዞሮ እንደማያይ ምስክሩ ስለገለጸ ተመዝግቧል)
ዕድሜ፦ 22
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ሚኒባስ ሾፌር
የትምህርት ደረጃ፦ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ከታላቅ እህቱ ጋር የሚኖርበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

እኔ ምስክር ዛሬ በጣቢያው ቀርቤ፣ በባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ ላይ ስለጠፋው መብራትና በዚያው ሕንፃ ውስጥ ጥርስ ስለሚሞርደው ሰው የማውቀውን እንድናገር በተጠየቅሁት መሠረት ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እሰጣለሁ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት መርማሪው ቀሪውን ረጋ ብለው እንዲሰሙኝ ነው።

ታላቅ እህቴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስትሆን እትዬ ብዬ እጠራታለሁ። ሥራዋ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ነው። በምልክት ቋንቋም በከንፈርም ታስተምራለች፤ ልጆቹ አፏን እያዩ ምን እንዳለች ያነባሉ ማለት ነው። እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ሚኒባስ ሾፌር ነኝ። የምልክት ቋንቋ ያስተማሩኝ ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ የተማርኩት ስድቡን ስለሆነ የቀረው አልከበደኝም።

የእህቴ ሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶች አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ ናቸው። ሌላ እንከን የለባቸውም፤ አጥንት ስትቆረጥምባቸው ያየ ይመሰክራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ዋናው ሥራዬ እሷን ማሳቅ ስለሆነ ያ እጅ ዕረፍት አግኝቶ አያውቅም።

የነገሩ መነሻ ከአንድ ወር በፊት እራት ላይ የተናገርኩት ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚያነሳበት የምልክት ስም ያወጣሉ። ስሙ የሚወጣው በሰውየው ላይ ከሚታየው ነገር ሲሆን ለስድብ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ቦርጭ ናቸው። እኔ ጆሮ ነኝ፤ መርማሪው ጆሮዬን እያዩት ስለሆነ ማስረጃ አላቀርብም። ሰውየው ራሱ አጠገባቸው ካለ ግን ስሙን አያነሱም፤ ትከሻውን ነካ ማድረግ ይበቃል። በዚህ ምክንያት እህቴ ስንት ዓመት ስታስተምር ልጆቹ ማን እንደሚሏት አታውቅም ነበር። እኔ ግን ስለ እሷ ሲያወሩ በመኪናው መስታወት አያለሁ። ስሟ አመልካች ጣትና የመሃል ጣት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ከንፈርን ሲነካ ነው።

በዚያ ምሽት «እትዬ፣ ልጆችሽ ማን እንደሚሉሽ ልንገርሽ?» አልኳት። «ደግሞ ምን ልትቀባጥር ነው፤ ንገረኛ» አለችኝ። ጣቶቼን ደርቤ ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ሁሉም ናቸው እንዲህ የሚሉኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትንሿ ተማሪሽ ሳትቀር» አልኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኔ ነው። ለስድብ እንዳልሆነ፣ እኔንም ጆሮ እንደሚሉኝና ቅር ብሎኝ እንደማያውቅ ባስረዳትም «አንተን ማን ቁም ነገር ብሎ» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥም አፏን ሸፍና ማስተማር ጀመረች። አፍ ከተሸፈነ ልጆቹ የሚያነቡት የላቸውም። አንድ ቀን አንዲት የስድስት ዓመት ተማሪዋ ከወንበሯ ተነስታ ሄደችና የእህቴን እጅ ከአፏ ላይ አውርዳ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህን የነገረችኝ እህቴ ራሷ ናት። ስትነግረኝም አፏን ሸፍና ነበር።

በማግስቱ ወደ ጥርስ ሐኪም አብረን ሄድን። ሐኪሟ ጥርሷን በደንብ አይተው ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሯት። አንደኛው ትንንሽ ብረት በየጥርሱ ላይ ተለጥፎ በሽቦ የሚጠበቅበት ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ይታያል፣ ከንፈርንም ገፋ ስለሚያደርግ ልጆቹ አፏን እንደ አዲስ መልመድ ይኖርባቸዋል። ሁለተኛው በጥርሷ ልክ የሚሠራ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። ስትበላ ታወልቀዋለች፣ በየሁለት ሳምንቱ በሌላ ትቀይረዋለች፤ ቀንም ሌሊትም ካላደረገችው ግን አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ንግግሯን ትንሽ እንደሚያኮላትፈውም ነገሯት። እኔም ከጥግ ሆኜ «ብትኮላተፍስ፤ ተማሪዎቿ እንደሆኑ አይሰሟት» አልኩ። ሐኪሟ ሳቁ። አሁን ሳስበው በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የሚረባው ምክር እሱ ነበር። ከእኔ አፍ ስለወጣ ግን ማንም ምክር ነው አላለውም፤ እኔም ጭምር።

እህቴ በቶሎ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሟ አንዱም እንደማይቸኩል፣ ጥርስ የሚሄደው በአጥንት ውስጥ መሆኑን፣ የቸኮለም ሥሩን እንደሚያጣ ነገሯት። ሞርዶ ሽፋን ማልበስስ ስትላቸው «ለተሰበረ ጥርስ አደርገዋለሁ፤ ጤነኛውን ግን አልነካም። ጉቶ ከሆነ በኋላ መልሶ አይበቅልም፤ ዕድሜ ልክሽን ሽፋን ስትቀይሪለት ነው የምትኖሪው» አሏት። ይህን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ የቤታችን ወሬ ብረትና ፕላስቲክ ሆነ። የትኛው ይሻለኛል ስትለኝ «ብረቱን አድርጊ፣ ሬዲዮ ይይዝልናል» አልኳት። በሌላ ምሽት ደግማ ስትጠይቀኝ ፕላስቲኩን እንድታደርግና ስትተኛ አውልቄ ውሃ እንደምጠጣበት ነገርኳት። ባለፈው ረቡዕ ግን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አንበጣ፣ አሁን በእውነት ንገረኝ። ሰኞ አዳዲስ ሕፃናት ይገባሉ። ትልልቆቹ ያንን ስም ሳያስተምሯቸው መጨረስ አለብኝ። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ እንባ ሳይ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል፤ ሲጠፋኝ ደግሞ ቀልድ ነው የሚመጣልኝ። «እኔማ ጆሮዬንም አብሬ አስቆርጥ ነበር» አልኳት። እጄን ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔም ተስማማን ማለት ነው ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሚኒባሱን አጥቤ ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ሰጡኝና «እህትህ ሞረድ ጋ ሄዳለች። ሰኞ ልጆቹ በአዲስ ጥርስ ነው የሚያዩኝ ብላለች፤ አንተ እንደሆንክ ዝም ብለህ ሳቅ» አሉኝ። ሞረድ የሚባለው ሰው ቀድሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀርጽ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለም። በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ በአንድ ቁጭታ ጥርስ አስተካክላለሁ ይላል። አያስተካክልም፤ ሞርዶ ሽፋን ይደፋበታል። ሐኪሟ ጤነኛ ጥርስ ላይ አላደርግም ያሉት ይህንኑ ነው።

እየሮጥኩ ለፖሊስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ይህን ቃል የሚጽፉት መርማሪ ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ «አንተ ነህ? ዛሬ ደግሞ ምን ተሰረቀ?» ብለው ዘጉት። አምና ደውዬ የጣቢያው በር ተሰርቋል ስላልኳቸውና ወጥተው ስላዩ ነው። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ የመሞረጃው ማሽን ድምፅ ይሰማል። በሩን ደበደብኩ። ሞረድ ሥራ ላይ ነኝ አለ። «እትዬ፣ ክፈቺ፤ እኔ ነኝ» አልኩ። አፏ ደንዝዞ ስለነበር ቃሉ እየተንሸራተተባት «ሂድ ወደ ቤት» አለችኝ። ሐኪሟ ያሉትን እንዳትረሳ፣ መልሶ እንደማይበቅል ነገርኳት። «ዛሬም ቀልድህን ነው?» አለችኝ። እኔም በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ «ፕላስቲኩ ነው የሚሻልሽ። ጠይቀሽኝ አልነበር፣ ይኸው መለስኩልሽ። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አይታይም፣ ብትኮላተፊም ልጆቹ አይሰሙሽም። ፕላስቲኩ ነው፣ እትዬ» አልኳት። ማሽኑ ቆመ። የምትነሳ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሞረድ «እመቤቴ፣ አንዱ ተጀምሯል እኮ። እንዲህ ሆነሽ የት ትሄጃለሽ?» ሲላት ሰማሁ። ማሽኑ እንደገና ተነሳ። ጥርስ ሲነካ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያ የቀጠነው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የሕንፃው የመብራት ሳጥን ከደረጃው ሥር ነው። ቦታውን እንዴት እንዳወቅሁ መርማሪው ጠይቀውኛል፤ ካለፈው ዓመት የፀጉር ቤቱ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆይልኝ ብያለሁ። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩትና በሁለት እጄ ያዝኩት። ሕንፃው በሙሉ ጸጥ አለ። ሊፍቱ ትልቅ መስታወት የተሸከመ ሰው እንደያዘ መሃል ላይ ቀረ። ከፀጉር ቤቱ ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰው ፎጣውን እንዳሰረ ወጣ። እሱን ሳይ ሳቄ መጣ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ጉንጬ በእንባ እየራሰ ነበር የሳቅሁት። ሰውየው በእኔ ላይ ያቀረበው አቤቱታ በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዘበኛው መጥተው በአንገቴ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ አብራ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እህቴ ካልወረደች አላበራም» አልኳቸው። እሳቸው አንገቴን፣ እኔ ማጥፊያውን ይዘን ቆየን። በዚህ መካከል ሞረድ ጥቁር ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ በጀርባ ደረጃ ሲወርድ አየሁት። ይያዝልኝ ብዬ ብጮህም የቆሙት ሰዎች ያወቁኝ ስለነበሩ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። አንዱ እንዲያውም አጨበጨበልኝ። ሞረድ አጭር፣ ወፍራም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው። የራሱ ጥርስ ግን ሁሉም በቦታው ያለ ነው።

እህቴ ከሁሉ በኋላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች። አፏን በሻርፕ ሸፍና ነበር። የት ድረስ እንደተሞረደች ጠየቅኋት። አንድ ጣት ብቻ አሳየችኝ። አንድ ጥርስ ማለቷ ነው። የተሞረደው ከተደረቡት ከሁለቱ አንዱ ይሁን ወይም ከጎናቸው ያለው ግን አላወቅሁም። ማጥፊያውን ለቅቄ መብራቱን መልሼ አበራሁ፤ ፖሊስም የመጣው ያኔ ነው።

መርማሪው የምጨምረው ካለ ጠይቀውኛል። እህቴ ከዚህ ክፍል መስታወት ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አፏ ውስጥ ጥጥ ስላለ መናገር አትችልም። ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ በምልክት ጠራችኝ። «ጆሮ» ብላ ነው የጠራችኝ፤ ልጆቹ እንደሚሉኝ። ቀጥላ ሻርፑን ዝቅ አድርጋ ሁለቱን ጣቶቿን ደረበችና ከንፈሯን ነካች። ስሟን በራሷ እጅ ስትለው ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ከላይ ያለውን ጣት ቀስ ብላ አጠፈችው። ከታች የነበረው ብቻውን ከንፈሯ ላይ ቀረ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ጠየቀችኝ፤ ሰኞ ማን ይሉኛል ነው ያለችው። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። መርማሪው ብዕራቸውን አቁመው ምን አለችህ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስሟን ነገረችኝ ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ዋሽቼ ሰው አስቄአለሁ፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን ከራሴ የጨመርኩት አንድም ቃል እንደሌለ፣ ያለው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ሞረድ እንዲፈለግልኝ፣ እኔም አሁኑኑ ወደ እህቴ እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ...............
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ...............